የደብረ ብርሃንን አስፋልት የሚሰብረው ውርጩ ነው ወይስ ውሃው?

ከደብረ ብርሃን ነዋሪ የደረሰኝ ጥያቄ ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው፦ «ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ የሚኖር ወንድሜ በየዓመቱ ክረምት መንገዳቸው በብርድ ተሰብሮ ጉድጓድ በጉድጓድ እንደሚሆን ይነግረኛል። የእኛም ከተማ በውርጭ የታወቀች ናት። ከቤቴ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ያለው ጉድጓድ በየዓመቱ ይደፈናል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ተመልሶ ይከፈታል። የእኛንም መንገድ የሚሰብረው ውርጩ ነውን? ከሆነስ መፍትሔው ምንድን ነው?»

አጭሩ መልስ «አይደለም» የሚል ነው። ውርጩ በአስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አለ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ዋናው ሰባሪ ግን ውሃ ነው። ይህን በጥያቄዎ ውስጥ ካለች አንዲት ቃል ልጀምረው። ወንድምዎ «ክረምት» ሲሉ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን የበረዶ ወቅት ማለታቸው ነው፤ እኛ «ክረምት» ስንል ግን ሐምሌንና ነሐሴን፣ ዝናቡን፣ ጎርፉንና ጭቃውን ነው። በዊኒፔግ ውሃውና ብርዱ በአንድ ወቅት በአንድ አፈር ውስጥ ይገናኛሉ። በደብረ ብርሃን ውሃው በሐምሌ መጥቶ በመስከረም መጨረሻ ይሄዳል፤ ውርጩ የሚመጣው መንገዱ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ነው። ሁለቱ አይገናኙም ማለት ይቻላል። የሁለቱን ከተሞች ጉዳት የሚለየው ይህ አለመገናኘት ነው።

የወንድምዎ ከተማ መንገድ እንዴት እንደሚሰበር በቅድሚያ ላስረዳ። ዊኒፔግ የቆመችው በጥንት ዘመን ሰፊ ሐይቅ በነበረ ወለል፣ በወፍራም ሸክላ አፈር ላይ ነው። የጥር ወር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ብርዱ ለወራት ሳያቋርጥ ስለሚቆይ ወደ ምድር ውስጥ 2 ሜትር ያህል ጠልቆ ይገባል፤ የከተማዋ የውሃ ቱቦዎች ከዚያ በታች የሚቀበሩትም ለዚህ ነው። ብርዱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ፣ ከሥር ያለው ውሃ በአፈሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሳባል፤ የተሳበውም ውሃ በአፈሩ መካከል ስስ በስስ እየተነባበረ በረዶ ይሆናል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ብዙ ሰው ያውቃል፤ ይሁን እንጂ መንገዱን ከፍ አድርጎ የሚያነሣው ከዚህ ጭማሪ ይልቅ ከሥር ሳያቋርጥ እየተሳበ የሚመጣው አዲስ ውሃ ነው። በዚህ ላይ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ብርዱ በበረታበት ወር ሳይሆን በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ፀሐይ መሞቅ ስትጀምር ነው። ያን ጊዜ ከላይ ያለው በረዶ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ከሥር ያለው ግን ገና እንደ ዐለት ጠንክሮ ስለሚቆይ የቀለጠው ውሃ መውረጃ ያጣል። የመንገዱ መሠረት በሳህን ላይ እንደተቀመጠ ገንፎ ይሆናል፤ በላዩ ከባድ መኪና ሲያልፍ አስፋልቱ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ ቀን እየቀለጠ ሌሊት እየረጋ ስንጥቁን እንደ ሽብልቅ ያሰፋዋል። በዚህ ምክንያት ዊኒፔግ የምትገኝበት የማኒቶባ ክፍለ ግዛት በረዶ በሚቀልጥባቸው ሳምንታት የከባድ መኪናዎችን ጭነት በሕግ ይቀንሳል። ጉድጓዱንም በዚያ ወቅት የሚደፍኑት በጊዜያዊ ቀዝቃዛ ድብልቅ ነው፤ ትኩስ አስፋልት የሚያመርቱት ማምረቻዎች በብርዱ ወራት ሥራ ስለሚያቆሙ ዘላቂው ጥገና የግድ የእነርሱን ሞቃት ወቅት ይጠብቃል።

እንግዲህ በረዶ መንገድ እንዲሰብር ውሃ፣ ውሃ የሚስብ አፈርና ለቀናትና ለሳምንታት የማያቋርጥ ብርድ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና በበጋ ሰማይዋ ጥርት ያለ ስለሆነ፣ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች፤ ባቄላውን የሚመታው፣ ሣሩን ሊነጋጋ ሲል አመዳይ የሚያለብሰው ውርጭ የሚወለደው ከዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ብርድ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ሲሆን ጥቁሩ አስፋልት ፀሐዩን ጠጥቶ በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ብርዱ ከአስፋልቱ ገጽ አልፎ ወደ መሠረቱ ለመውረድ ጊዜ የለውም፤ ግማሽ ሜትር ወረድ ብሎ ያለው አፈርም ከአካባቢው የዓመት አማካይ ሙቀት ብዙ የማይርቅ ስለሆነ ወደ በረዶነት አይቀርብም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የሚያሽከረክሩ ሰዎች መጠንቀቅ ያለባቸው በሌላ ምክንያት ነው፦ ድልድይ ከሥሩም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ላዩ ላይ የተጋገረው አመዳይም ጎማ ያንሸራትታል።

ታዲያ የአገሩ ሰው ለምን ውርጩን ይወቅሳል? ያለ ምክንያት አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ልክ ውርጩ በሚበረታበት ጊዜ፣ በአስፋልቱ ዳርና ዳር፣ የመንገዱን ትከሻ ተከትለው የሚሄዱ ረጃጅም ስንጥቆች ይታያሉ። ሁለቱ በአንድ ወር ስለሚመጡ አንዱ የሌላው ልጅ ይመስላሉ። እውነተኛው ወላጅ ግን ጥቁሩ አፈር፣ ገበሬው መረሬ የሚለው ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ሜዳማ ቦታዎች፣ ከሸኖ አንሥቶ በጫጫ በኩል እስከ ደብረ ብርሃንና ከዚያም ወዲያ፣ ይህ አፈር ሰፊ ቦታ ይዟል። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ካለፈ በኋላ የግጦሽ መሬት ላይ የሄደ ሰው ሁሉ ያየው ነው። አስፋልት ከላይ ሲለብስ በመንገዱ መካከል ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ዳሩ ግን በበጋ ይደርቃል፣ በክረምት ይርሳል። ስለዚህ የመንገዱ ጠርዝ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲል መሐሉ አይንቀሳቀስም፤ አስፋልቱም ሁለቱ በሚለያዩበት መሥመር ላይ ይቀደዳል። በመንገድ ዳር በረድፍ የቆመ ባሕር ዛፍ ካለ ነገሩ ይብሳል፤ ሥሩ ከአስፋልቱ ሥር ድረስ እየገባ ውሃውን ስለሚመጥጠው ድርቀቱ ወደ መሐል ይጠጋል። ባሕር ዛፉ የሰሜን ሸዋ ሰው ማገዶና ቤት መሥሪያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቆረጥ አልልም። አዲስ የሚተከለው ግን ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ የዛፉን ቁመት ያህል እንዲርቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

የውርጩም ድርሻ አለ ብያለሁ። አስፋልት ጠጠርን በሬንጅ አጣብቆ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሬንጅ ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርደው ይደርቃል። በከፍተኛ ቦታ የፀሐይ ጨረር ብርቱ ስለሆነና አየርም ከሬንጁ ጋር ስለሚዋሐድ ሬንጁ በዓመታት ውስጥ ያረጃል፤ ወዙን ያጣል፤ ጥቁርነቱ ወደ ግራጫነት ይለወጣል። ያረጀ ሬንጅ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ የሚደርስበትን ከፍተኛ የሙቀት መለዋወጥ መቋቋም ሲያቅተው ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ያወጣል። ስለዚህ ለደጋ መንገድ ለስለስ ያለ ሬንጅ መምረጥ ይገባል። የሬንጅ ልስላሴ የሚለካው በ25 ዲግሪ ሙቀት 100 ግራም የተጫነባት መርፌ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ምን ያህል እንደምትሰጥም በማየት ነው፤ 80/100 የሚባለው ሬንጅ መርፌዋን ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያስገባል፣ 60/70 የሚባለው ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር። ጣርማ በርን ያለፈ መንገደኛ ይህ ለምን እንደሚያስጨንቀን ይረዳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርዳም ጫፍ ተነሥቶ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ብቻ ይበቃሉ። ላይ ላይ የሚስማማው ለስላሳ ሬንጅ ታች በቆላው ሙቀት ይቀልጥና የጎማ መሄጃ ይቦረቦርበታል፤ ታች የሚስማማው ጠንካራ ሬንጅ ደግሞ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል። አንድ ዓይነት ሬንጅ ለሁለቱም መጠቀም በአንዱ ጫፍ ላይ መንገድ ማጥፋት ነው።

ይሁን እንጂ ስንጥቅ ገና ጉድጓድ አይደለም። ደረቅ ስንጥቅ ለዓመታት ሳይሰፋ ሊቆይ ይችላል። ወደ ጉድጓድ የሚለውጠው ሐምሌ ነው። የደብረ ብርሃን የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ በበጋ የተከፈተው ስንጥቅም ለዚህ ውሃ የተዘጋጀ አፍ ነው። ውሃው ገብቶ ከአስፋልቱ ሥር ያለውን የጠጠርና የገረጋንቲ መሠረት ያርሰዋል። ከዚያ በኋላ ጎማ በስንጥቁ ላይ ባለፈ ቁጥር ውሃው ይጨመቅና በኃይል ወደ ላይ ይተፋል፤ ሲተፋም ጠጠሩን ያያያዘውን ደቃቅ አፈር ይዞ ይወጣል። እርስዎም በዝናብ ማግሥት ከስንጥቅ ዙሪያ የተረጨ ቡናማ ወይም ግራጫ ጭቃ አይተው ከሆነ ያዩት የመንገዱን መሠረት ነው፤ ከውስጥ እየተመዘዘ በመውጣት ላይ ነበር። ደቃቁ ሲያልቅ ከሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ አስፋልቱም እንደ ቀጭን ምጣድ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና አንድ ቀን ይሰበራል። ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ቀን ብቻ ነው።

የሚሰብረው መኪና ክብደትም ሊነሣ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ የተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ ያሳየን ነገር አለ፤ አንድ አክስል፣ ማለትም የመኪና ጎማዎች የሚያያዙበት ዘንግ፣ በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚያድገው በክብደቱ ልክ ሳይሆን ወደ ክብደቱ አራተኛ ርቢ በተጠጋ መጠን ነው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በ10 ቶን ፋንታ 13 ቶን የተጫነበት አክስል መንገዱን ሦስት ጊዜ ያህል ይጎዳዋል። ደብረ ብርሃንን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ አዲስ አበባን ከደሴና ከመቀሌ የሚያገናኝ ዋና መሥመር ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ ፋብሪካዎች እየበዙ በሄዱ ቁጥርም የሲኖትራኩና የተሳቢው ቁጥር አብሮ ጨምሯል። መሠረቱ ደረቅ ሲሆን መንገዱ ይህን ሸክም ይችለዋል፤ ሲርስ አይችለውም። ማኒቶባ በረዶ ሲቀልጥ የምታደርገውን የጭነት ቅነሳ እኛ በሐምሌና በነሐሴ፣ ቢያንስ መሠረታቸው ደካማ በሆኑ የከተማ ውስጥ መንገዶች ላይ፣ ብናደርገው ከብዙ ጉድጓድ እንተርፍ ነበር የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የሚያሳዝነው የቦዩ ነገር ነው። ወጣት መሐንዲስ በነበርሁበት ጊዜ፣ አንድ ክረምት፣ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉትን ጉድጓዶች በአስቸኳይ እንድንደፍን ታዘዝን። ዝናቡ አላባራም ነበር፤ ውሃውን በባልዲ እየቀዳን ትኩሱን አስፋልት ገለበጥንበት፤ እንፋሎቱ እስኪያሳውረን ድረስ ተንተከተከ። ስሕተት መሆኑን ለኃላፊዎቼ ተናገርሁ፤ የሰማኝ አልነበረም፤ እኔም ከመናገር አልፌ አላቆምሁትም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የደፈንነው ሁሉ ተነቅሎ በመንገዱ ዳር ተበተነ። በጥቅምት ተመልሰን የመንገዱን ጠርዝ ስንቆፍር ከሥሩ የሚያልፈው ቱቦ በውሃ ፕላስቲክና በደለል ጥቅጥቅ ብሎ ተዘግቶ አገኘነው፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ መሄጃ ስላጣ ክረምቱን ሙሉ በአስፋልቱ ሥር ይተኛ ነበር። ቱቦውን ለመክፈት አራት ሰዎች አንድ ቀን ተኩል ብቻ ፈጀባቸው። በዚያው ቦታ ለአስፋልት የወጣውን ገንዘብ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በከተሞቻችን ቦይ የሚደፈነው በቆሻሻ ብቻ አይደለም። ነዋሪው መኪና ለማስገባት በደጁ ያለውን ቦይ በአፈር ወይም በኮብልስቶን ይሞላዋል፤ የውሃ መሥመር ለመዘርጋት የተቆረጠ አስፋልት በልቅ አፈር ተመልሶ ይሞላና በመጀመሪያው ዝናብ ይሰምጣል። የመንገዱ ትከሻ ደለል እየተጠራቀመበት ከአስፋልቱ ከፍ ሲልም ውሃው ወደ ቦዩ መውረድ ትቶ በመንገዱ ላይ ይተኛል። እነዚህን ማስተካከል ከአስፋልት ሥራ ሁሉ ርካሹ ነው፤ አካፋና ዶማ ይበቃዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ጉድጓድ ልምጣ። በየዓመቱ በአንድ ቦታ የሚከፈት ጉድጓድ አደፋፈኑ የተሳሳተ ነው፣ ወይም ከሥሩ ውሃ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ናቸው። በደንብ የሚደፈን ጉድጓድ በቅድሚያ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል፤ ቁርጡ ከሚታየው ስብራት አልፎ ጤነኛው አስፋልት ድረስ መሄድና ግድግዳው ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። የራሰው መሠረት ጠንካራና ደረቅ ነገር እስኪገኝ ድረስ ይወጣል፤ በምትኩ የተመረጠ ጠጠር በንብርብር እየገባ በሚገባ ይጠቀጠቃል። ወለሉና ግድግዳው ተጠርጎ ስስ ሬንጅ ይቀባል፤ ትኩሱ አስፋልት ይገባል፤ ሮለር ወይም ንዝረት ያለው መጠቅጠቂያ ይሄድበታል፤ በመጨረሻም አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት ጠርዝ ውሃ እንዳያስገባ በሬንጅ ይታሸጋል። በአካፋ ተጥሎ በመኪና ጎማ ይጠቅጠቅ ተብሎ የሚተው አስፋልት እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃውን ራሱ ይዞ ያስቀምጠዋል።

ብርዱ በዚህ ሥራ ላይ ተጽዕኖ አለው። ትኩስ አስፋልት ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ሙቀት እያለ ተነጥፎ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሳይወርድ ጥቅጠቃው ማለቅ አለበት፤ ስስ ንጣፍ በደብረ ብርሃን የጠዋት ነፋስ ውስጥ ይህን ሙቀት በደቂቃዎች ያጣዋል። ስለዚህ መኪናው አስፋልቱን በሸራ ሸፍኖ ማምጣት፣ ሥራውም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ተጀምሮ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል። ይህ ከተጠበቀ ውርጭ ባለበት ወር ጥገና ማካሄድ ምንም አይከለክልም፤ እንዲያውም ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ለእኛ የተሻለው የጥገና ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ የበልጉ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ዊኒፔግ በእነዚሁ ወራት ሥራ የምታቆመው በግድ ነው፤ እኛ ግን በፀሐይ ውስጥ ተቀምጠን ወራቱን ማባከን የለብንም።

በመጪው ሐምሌ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እጠይቅዎታለሁ። ከባድ ዝናብ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥተው ውሃው በጉድጓዱ ዙሪያ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። በቦዩ ውስጥ የቆመ ውሃ ካለ ወይም በአቅራቢያው ያለው ቱቦ በአንዱ አፉ ጎርፍ እየገባበት በሌላው የማይወጣበት ከሆነ ምክንያቱን አግኝተዋል። ዝናቡ ካቆመ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላም ከጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሳያቋርጥ የሚመነጭ ከሆነ ግን ምናልባት የተሰነጠቀ የመጠጥ ውሃ ቱቦ ከሥር ይኖራል፤ ያ ሳይጠገን አስፋልት መጣል ከንቱ ነው። ውሃ ከየትም የማይመጣ ሆኖ መሬቱ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ከባድ ነው፤ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ቆፍሮ መረሬውን በገረጋንቲ መለወጥ ወይም በኖራ ማጠንከር፣ ትከሻውንም ውሃ በማያስገባ ነገር ማልበስ ያስፈልጋል፤ ይህ የከተማው ሥራ እንጂ የሰፈር ሰው በመዋጮ የሚወጣው አይደለም።

ያዩትን በፎቶግራፍ አስደግፈው ከጎረቤቶችዎ ጋር ለከተማው የመንገድ ክፍል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻው ጉድጓዱ ይደፈን ከማለቱ በፊት ቱቦው ይከፈት፣ ቦዩ ይጠረግ የሚል ይሁን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ማመልከቻው በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ቢገባ፣ ዝናቡ ሲያቆም ገንዘቡም ሠራተኛውም አለ። ጥቅምት 15 አካባቢ፣ መሬቱ ደርቆ ስንጥቁ ገና ሳይሰፋ፣ ቆፋሪዎቹን ደጅዎ ላይ ሊያገኟቸው ይችላሉ።